ከአንድ በሬ ስንት ኪሎ ሥጋ ይጠበቃል? የመካነ ሰላም ገበያና የቅርጫ ሒሳብ

በመካነ ሰላም የከብት ገበያ በሬ በኪሎ አይሸጥም። ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩት ስለ ቁመቱ፣ ስለ ቀንዱ፣ ስለ ሻኛውና ስለ ጥርሱ ሲሆን ዋጋውም የሚቆረጠው በዓይን ግምት ነው። በሬው ታርዶ ለአሥር አባወራ በሚከፋፈልበት ሰዓት ግን ጥያቄው ሳይታሰብ ወደ ኪሎ ይለወጣል። “ይህን የሚያህል በሬ ጥለን የደረሰን ይህችው ናት?” የሚለው ቅሬታ በየበዓሉ ማግሥት የሚሰማ ነው። ቅሬታው ብዙውን ጊዜ በከፋፋዩ ወይም በደላላው ላይ ያርፋል። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግን ጥፋቱ ከክፍፍሉ በፊት፣ ገበያው ላይ፣ ትልቅነትንና ሥጋን አንድ አድርጎ ከማየት የሚጀምር ሆኖ ይገኛል።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን ከደሴ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዓባይና ከበሸሎ ሸለቆዎች በላይ ያለው ይህ ደጋ በዋናነት የሚታረሰው በበሬ ነው። በመሆኑም የአካባቢው በሬ በመጀመሪያ የእርሻ ጉልበት፣ ቀጥሎ የገበሬው የቁጠባ ሒሳብ፣ በመጨረሻም ሥጋ ነው። ወደ ገበያ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ቀንበር ተሸክሞ፣ ጥርሱ ሞልቶና ማርጀት ጀምሮ ነው። ለሥጋ ተብሎ ከጥጃነቱ ጀምሮ እየተመገበ ካደገ ከብት ጋር ሊወዳደር የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ2013 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የስታቲስቲክስ ቆጠራ የከብቱ ቁጥር 70 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከአንድ የታረደ ከብት የሚገኘው ሥጋ ከነአጥንቱ ግን፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለዓመታት ሲጠቀምበት በኖረው አማካይ መሠረት፣ ከ110 ኪሎ እምብዛም አይርቅም። በአሜሪካ ይኸው አማካይ ከ350 ኪሎ በላይ ነው። ልዩነቱ የዘር ብቻ አይደለም፤ የመኖ፣ የዕድሜና የሥራም ጭምር ነው።

ከቁም ክብደት እስከ መደብ

ሒሳቡን ለመሥራት ሦስት ቁጥሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቁም ክብደት፣ ማለትም በሬው በሕይወት ሳለ ሚዛን ላይ ቢቆም የሚመዝነው ነው። ሁለተኛው ደሙ ፈሶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ጭንቅላቱ፣ እግሩና የሆድ ዕቃው ተለይቶ የሚቀረው ሥጋ ከነአጥንቱ ነው። ሦስተኛው አጥንቱ ወጥቶ ድስት የሚገባው ሥጋ ነው። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ተካፍሎ የሚገኘው የመቶኛ ድርሻ የእርድ ምጣኔ ይባላል። የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ ምጣኔ ላይ ነው።

በሣርና በገለባ ብቻ የኖረ የሀገራችን ደገኛ በሬ የእርድ ምጣኔው በአብዛኛው ከ45 እስከ 50 በመቶ ነው። ከእርሻ የወጣና የከሳ ከሆነ ወደ 43፣ አንዳንዴም ወደ 40 ይወርዳል። በደንብ የደለበ ሰንጋ ከ52 እስከ 55 ይደርሳል። በእህል የሚቀለበው የአሜሪካ ሰንጋ ከ60 ያልፋል። እንግዲህ “ግማሹ ሥጋ ነው” የሚለው የተለመደ አባባል ለደለበ በሬ ትንሽ የሚያሳንስ፣ ለከሳ በሬ ደግሞ በጣም የሚያጋንን ነው ማለት ነው።

ሚዛን በሌለበት ገበያ የቁም ክብደትን በምን ማወቅ ይቻላል? ለዚህ በዓለም ዙሪያ የከብት ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከሻኛው ኋላ፣ ደረቱ ዙሪያውን ይለካል። ቀጥሎ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ያለው ርዝመት ይለካል። ሁለቱም በሳንቲ ሜትር ናቸው። የደረት ዙሪያው በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በርዝመቱ ይባዛል፣ ከዚያ ለ10,840 ይካፈላል። የሚገኘው የቁም ክብደት በኪሎ ነው። ቀመሩ የተቀመረው ለፈረንጅ ከብት በመሆኑ ሻኛ ላለው የእኛ ከብት ወዲህም ወዲያም አሥር በመቶ ቢስት አያስገርምም። የሆነ ሆኖ ከዓይን የተሻለ ምስክር ነው። በሬው ሲለካ በደልዳላ መሬት ላይ አራት እግሩን አስተካክሎ መቆም፣ አንገቱንም አለማጎንበስ ይኖርበታል።

ለማነጻጸሪያ ሁለት በሬዎች ይወሰዱ። የመጀመሪያው ቁመቱ ያማረ፣ ቀንዱ የተንዠረገገ፣ ነገር ግን እርሻ ጨርሶ የወጣና የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ነው። ደረቱ 158፣ ርዝመቱ 139 ነው። 158 በ158፣ ሲባዛ በ139፣ ሲካፈል ለ10,840 ወደ 320 ኪሎ ይሆናል። ሁለተኛው አጠር ያለና ገዢ በቶሎ ዓይኑን የማይጥልበት፣ ነገር ግን ሦስት ወር ታስሮ የተቀለበ ነው። ደረቱ 152፣ ርዝመቱ 131 ነው፤ ይህም 279 ይሰጣል፣ 280 ይባል።

በዓይን የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። በ40 ኪሎ ይበልጣላ! ሆኖም የመጀመሪያው የእርድ ምጣኔ 43 በመቶ ቢሆን ከነአጥንቱ የሚሰጠው 138 ኪሎ ነው። የሁለተኛው 52 በመቶ ቢሆን 146 ኪሎ ይሰጣል። ትልቁ በሬ ገና ከዚሁ ተበልጧል።

ሦስተኛው ቁጥር ልዩነቱን የበለጠ ያሰፋዋል። በሬ ሲከሳ የሚቀንሰው ጮማውና ሥጋው እንጂ አጥንቱ አይደለም። ስለዚህ በከሳ በሬ የአጥንት ድርሻ ከፍ ይላል። በመጀመሪያው በሬ ከነአጥንቱ ካለው ሥጋ አንድ አራተኛው አጥንት ነው ቢባል፣ ከአጥንት ተለይቶ የሚገኘው 103 ኪሎ ነው። በሁለተኛው አጥንቱ 19 በመቶ ቢሆን 118 ኪሎ ይቀራል። በ40 ኪሎ የሚያንሰው በሬ በ15 ኪሎ ሥጋ በለጠ ማለት ነው።

ወደ ገንዘብ ሲመነዘር ምን ይመስላል? ለስሌት እንዲመች ሁለቱም በሬዎች በ100,000 ብር ተሸጡ ይባል። ከመጀመሪያው የሚገኘው ሥጋ ኪሎው 971 ብር ሲወጣለት የሁለተኛው 847 ብር ነው። ነገር ግን ትልቅ መስሎ የሚታየው በሬ በእኩል ዋጋ አይለቀቅም። ሻጩ አሥር ሺህ ጨምሮ ቢይዘው ኪሎው 1,068 ብር ይገባል። በጋራ የገዙት አሥር ሰዎች ቢሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ብር ጨምረው አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ አጡ ማለት ነው። በዓል ለማክበር ከሚከፈለው ዋጋ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ከንቱ ወጪ ያለ አይመስልም።

የቀረው የት ሄደ?

የ280 ኪሎው በሬ 146 ኪሎ ሥጋ ከነአጥንቱ ከሰጠ ቀሪው 134 ኪሎ የት ገባ? ደሙ 10 ኪሎ ያህል ነው። ቆዳው ወደ 20፣ ጭንቅላቱና እግሩ ወደ 18 ኪሎ ይደርሳሉ። ጉበት፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጣፊያ፣ ምላስ፣ የታጠበ ጨጓራና ሽንፍላ ተደምረው 25 ኪሎ ገደማ ናቸው። ሳንባው፣ አንጀቱና ልዩ ልዩ ተጣዩ ነገር 11 ኪሎ ቢሆን፣ የቀረው 50 ኪሎ ፈርስ ነው። ማለትም በሬው የበላው ገለባና የጠጣው ውኃ ነው።

ይህ ፈርስ የገበያው ትልቁ ስውር ሸቀጥ ነው። ገለባ የሚበላ ከብት መኖው ከሆዱ ቶሎ ስለማይወጣለት የፈርሱ ክብደት ከቁም ክብደቱ አምስተኛውን እጅ ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያው የ320 ኪሎ በሬ ሆድ ውስጥ 70 ኪሎ ፈርስ ቢገኝ አያስደንቅም። ለገበያ የሚነዳን ከብት ጨው አልሶ ውኃ እስኪጠግብ ማጠጣት በነጋዴ ዘንድ የታወቀ ዘዴ የሆነውም ለዚህ ነው። አንድ ባልዲ ውኃ አሥር ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ ጎኑን ሞላ አድርጎ ያሳያል፣ ከበሬው ጋርም ይሸጣል። በተቃራኒው ከሩቅ ቀበሌ ሲነዳ አድሮ የመጣ በሬ ከፈርሱና ከውኃው ከቁም ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ሊያጎድል ይችላል። ይህ በሬ ሆዱ ተጣብቆ የከሳ ይመስላል እንጂ ሥጋው ያው ነው። ማለዳ የደረሰና የደከመ በሬ ያለው ገበሬ የሚጎዳው፣ ከሰዓት በኋላ ጠግቦ የቆመ በሬ ያለው ነጋዴ የሚጠቀመው በዚህ ልዩነት ነው።

በመሆኑም ሆድ ከማየት ይልቅ በእጅ መዳሰስ ይሻላል። ፈርስ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ፤ የጀርባው አጥንት ግራና ቀኝ፣ የጎድኑ ላይ፣ የጭራው ሥር፣ ፍርምባው። የጀርባ አጥንቱ ጫፎች በጣት የሚቆጠሩ ከሆነ ምጣኔው ከ45 በታች ነው ብሎ መነሳት ይገባል። ጣት ሥጋና ጮማ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ በጭራው ሥርም ለስላሳ እብጠት ካለ፣ ከ50 በላይ ማሰብ ይቻላል። ቀንድ ግን ስለ ሥጋ የሚናገረው ምንም የለም። ለእርሻ የሚገዛ ሰው ቀንድ ቢያይ ለቀንበር አያያዝ ሊጠቅመው ይችል ይሆናል፤ ቅርጫ ለሚገባ ሰው ግን ጭንቅላቱን ከማክበድ በቀር ፋይዳ የለውም።

እዚህ ላይ የውጭ አገር ሠንጠረዦች አንባቢን የሚያሳስቱበት አንድ ነገር አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ጉበት፣ ጨጓራና ምላስ ከሥጋው ሒሳብ ውጪ ናቸው። በእኛ አገር ግን የዱለትና የምላስ ሰምበር ባለቤት ማን ሊሆን ነው ተብሎ ክርክር ይነሣባቸዋል። 25 ኪሎው ለአሥር ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። ይህን ያልቆጠረ የቅርጫ ሒሳብ ሒሳብ አይደለም። ቆዳው ደግሞ በተቃራኒው ሆኗል። ድሮ የቆዳው ዋጋ የአራጁን ድካም ችሎ ለማኅበርተኛው የሚተርፍ ነበር። ባለፉት ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ ክፉኛ በመውደቁ በበዓል ሰሞን የበሬ ቆዳ ሜዳ ላይ ተጥሎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ዛሬ 20 ኪሎው ቆዳ በገቢ ረድፍ ባይጻፍ ይመረጣል።

ዕጣው

የቅርጫ ክፍፍል ከሥነ ምጣኔ ሀብት አንጻር ሲታይ በብልሃት የተሠራ ነው። ከፋፋዩ ከየብልቱ፣ ማለትም ከሻኛው፣ ከሽንጡ፣ ከታላቁ፣ ከታናሹ፣ ከዳቢቱ፣ ከጎድኑና ከወርቹ በየመደቡ ቁራጭ ቁራጭ እያደረገ ይደለድላል። መደቡ ሲያልቅ አባላቱ ጠጠር፣ ቅጠል ወይም ቁልፍ ያወጣሉ፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ከፋፋዩ ራሱ የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አንዱን አድልቶ ሌላውን ማሳነስ አይጠቅመውም። ሚዛን ሳይኖር ሐቀኝነት የሚገኝበት ሥርዓት ነው። ዕጣው የማያስተካክለው በሬው ሲገዛ የተፈጸመውን ስሕተት ብቻ ነው። ከ103 ኪሎ ላይ 118 ኪሎ ማከፋፈል የሚችል ዕጣ የለም።

በቤት ውስጥ የሚታየው ጉድለት የራሱ ምክንያት አለው። የቅርጫ ሥጋ የሚከፋፈለው ገና ትኩስ ሳለ ነው። ትኩስ ሥጋ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በመጀመሪያው ቀን እስከ ሁለት በመቶ የሚሆነው ውኃው ይተናል፣ ይንጠባጠባል። ቋንጣ የሚሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ጥሬ ሥጋ ከመቶው ሰባ እጅ ያህል ውኃ በመሆኑ፣ አንድ ኪሎ በሚገባ የደረቀ ቋንጣ ለማግኘት ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ጥሬ ሥጋ ይጠይቃል። በደረሳት 11 ኪሎ ላይ አምስቱን ለቋንጣ የዘለዘለች እመቤት ከሁለት ኪሎ በታች ብታገኝ ሥጋው አልተሰረቀባትም።

የገበሬው ወገን

እስካሁን የተነገረው ለገዢ ነው። በዚሁ ሒሳብ ከገዢው የበለጠ የሚጎዳው ግን ሻጩ ነው። ገዢ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሳሳታል፤ ገበሬው ግን በአንድ ቀን የሚሸጠው የስምንት ዓመት ሀብቱን ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ደርሶበት፣ ወይም ልጁን ለማስታመም ቸኩሎ የወጣ ሰው ነጋዴው የሚጠራውን ዋጋ ከጎረቤቱ በሬ ዋጋ ጋር ያስተያያል እንጂ ከኪሎ ጋር አያስተያይም። ነጋዴው ግን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለው ሥጋ ቤት በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ያውቃል፤ በዓይኑም ምጣኔውን ይገምታል። መንገድ በተዘጋበት፣ ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴ በማይደርስበት ሳምንት ደግሞ ይህ የዕውቀት ልዩነት ይበልጥ ይከፋል።

ወሎ ይህን ነገር በመራራ መንገድ የምታውቀው አገር ናት። አማርትያ ሴን፣ በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት የሥነ ምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የድህነትና የረሃብ ጥናት የ1965 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ ከመረመሩ በኋላ የደረሱበት ነጥብ አለ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ ሕዝቡ የተራበው እህል መግዣ አጥቶ ነው። ከብት አርቢውም ከብቱ ከመሞቱ ሌላ የተረፈው በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወርዶበት ነበር። ከብት በከሳ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ለመሸጥ ይወጣል፤ ዋጋው በክሳቱም በብዛቱም ይወድቃል። ከላይ በሁለቱ በሬዎች የታየው የምጣኔ ልዩነት በደህና ዘመን የበዓል ቅሬታ ነው። በክፉ ዘመን ግን ከአንድ በሬ ስንት ቁና እህል ይገኛል የሚለውን ይወስናል።

ገበሬው ይህን ሒሳብ ለራሱ ማዞር የሚችልበት መንገድ ማድለብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። 250 ኪሎ የሚመዝንና ምጣኔው 44 በመቶ የሆነ የከሳ በሬ ዛሬ ቢታረድ ከነአጥንቱ 110 ኪሎ ይሰጣል። ይኸው በሬ በቀን 600 ግራም እየጨመረ 90 ቀን ቢቀለብ 54 ኪሎ ጨምሮ 304 ይሆናል። ምጣኔው ወደ 51 ካደገ የሚሰጠው ሥጋ 155 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከተጨመረው 54 ኪሎ 45ቱ ሥጋ ሆነ ማለት ነው። አጥንቱ፣ ጭንቅላቱና ቆዳው ቀድሞም ስለነበሩ አዲሱ ክብደት ከሞላ ጎደል የሚያርፈው በጎድኑና በሽንጡ ላይ ነው። በቁም ክብደት የሚያስብ ሰው በሬው በአምስተኛ እጅ ጨመረ ይላል። በሥጋ የሚያስብ ግን በ41 በመቶ ማደጉን ያያል። የማድለብ ትርፍ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው፤ ነጋዴው የከሳውን በሬ ከገበሬው ገዝቶ አስሮ የሚቀልበውም ይህን አውቆ ነው።

በእርግጥ 600 ግራም በገለባ ብቻ አይገኝም። ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ከጠላና ከአረቄ የሚተርፍ አተላ፣ ጨውና በቂ ውኃ ያስፈልጋል። ከመጀመሩ በፊትም የሆድ ትል መድኃኒት መስጠት ይገባል፤ አለዚያ ግማሹ መኖ ለትሉ ነው። ፋጉሎና ፉርሽካ ከዘይት መጭመቂያና ከዱቄት ፋብሪካ የሚመጡ በመሆናቸው መካነ ሰላም እስኪደርሱ የመጓጓዣ ዋጋ ይጫናቸዋል። የ45 ኪሎው ተጨማሪ ሥጋ ዋጋ ከ90 ቀን መኖ ወጪ የሚያንስ ከሆነ በሬውን እንዳለ መሸጥ ይሻላል። ይህን ግን በሬው በረት ከገባ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል።

ወቅቱም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የመኸሩ እህል ተወቅቶ ገለባ የሚተርፈው በጥር ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን በዚያ ጊዜ የክርስቲያኑ የሥጋ ፍላጎት ይቆማል፤ ለፋሲካ ዋዜማ ግን አንድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ በጥር የታሰረ በሬ ለሚያዝያ ይደርሳል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ገበያ የሚውል፣ ዕርዱ ግን ለየብቻ የሆነ ሕዝብ በመሆኑ የጾሙ ወራት ገበያ እንደ ጎጃም ጭር አይልም። የረመዳንና የዐረፋ ቀን በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣም በሁለቱ ፍላጎቶች መካከል ያለው ርቀት በየዓመቱ ይለዋወጣል። የደለበ ሰንጋ ያለው ሰው ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ማየት ይኖርበታል።

በግስ?

በሬ ለመጣል አቅም ለሌለው በጉ አለ። የወሎ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱም አጭር፣ ጠጉሩ የበዛ የደጋ በግ ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን ቢገኝ ምጣኔው ከ40 እስከ 45 በመቶ በመሆኑ ከነአጥንቱ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ይሰጣል፤ የአገሪቱም አማካይ ከዚህ አይበልጥም። በክረምት የሚገዛ ሰው እርጥብ ጠጉር ዓይንን እንደሚያታልል ማስታወስ አለበት፤ እዚህም የሚያዋጣው ጀርባን በእጅ መያዝ ነው። ሙክት ከሆነ ምጣኔው ከፍ ይላል። ከዓባይ ማዶ የሚገኘው የጎጃም ዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር፣ አካሉም ገዘፍ ያለ በመሆኑ በዓይን ሲታይ የበለጠ ሐቀኛ ነው።

በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉት ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥጋ የሚልኩ ቄራዎች የደጋ በግ እምብዛም አይገዙም። ምክንያቱ ክብደቱ ሳይሆን የደጋው በግ ሥጋ ከታረደ በኋላ ቶሎ እየጠቆረ ገዢው ስለማይቀበለው ነው። በዚህም ቄራዎቹ ፊታቸውን ወደ ቆላው ፍየልና በግ አዙረዋል። የመካነ ሰላም በግ ገዢ የሀገር ውስጥ በዓል ነው።

ለዐረፋ በሬ የሚያርዱ ሰባት ሙስሊሞች ሒሳብ ከቅርጫው ይለያል። ለኡድሂያ አንድ በሬ እስከ ሰባት ሰው ሊጋራው ይችላል፤ ከዚያ በላይ መሆን አይፈቀድም። ድርሻውም በግምት ሳይሆን በእኩል ሊከፈል ይገባል። የተለመደው አከፋፈል አንዱ ሲሶ ለቤት፣ አንዱ ሲሶ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ሲሶ ለድሃ ነው። ከላይ ከተጠቀሱት ሁለት በሬዎች ትልቁ ቢታረድ ለእያንዳንዱ ባለ ድርሻ ከአጥንት የተለየ 14.7 ኪሎ ይደርሰዋል፤ የድሃው ሲሶ 4.9 ኪሎ ነው። ትንሹ ቢታረድ ድርሻው 16.9፣ የድሃው ሲሶ 5.6 ኪሎ ይሆናል። በሰባቱ ድርሻ ሲደመር ለድሃ የሚወጣው በመጀመሪያው 34 ኪሎ፣ በሁለተኛው 39 ኪሎ ነው።